ቴፑ ሲያፏጭ ከሳጥኑ በፊት ሽቦው ይታይ

ሩዙ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ በሚገነጠልበት በወረታ የሚቆሙት ሚኒባሶች ድምፅ ከፍ ይላል። አምፕሊፋየርና ሳብውፈር የሚገጠመው ያኔ ነው። ጣጣውም ተከትሎ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈውም ወላጅ ኪስ ላይ ነው።

ሰሞኑን አንዲት የፎገራ እናት በዚሁ ጉዳይ አማክረውኛል። ልጃቸው በሚነዳው ሚኒባስ ላይ ዕቃው ከተገጠመ ወዲህ ሞተሩ ሲነሳ «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ጩኸቱም አብሮ ይቀጥናል። የገጠመው ሰው «አምፕሊፋየሩ ደካማ ነው፣ ከፍ ያለ ይገዛ» ብሏቸው ኖሮ፣ እናት ጊደር ሊሸጡ ተነስተዋል። የፎገራ ጊደር! እኔ ነርስ እንጂ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ነገር ግን ትኩሳቱ ሳይለካ መድኃኒት የሚታዘዝለት በሽተኛ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። መጀመሪያ ይመርመር አልኳቸው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ትንንሾቹን ስፒከሮች ለማስጮህ የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአምፕሊፋየር የሚሆን የራሱ መውጫ የለውም። ስለዚህ ድምፁ ከስፒከሮቹ ሽቦ ላይ ተጠልፎ፣ በመቀየሪያ በኩል ወይም አምፕሊፋየሩ ለዚሁ ባለው መግቢያ ይገባል። ከዚህ ሌላ አምፕሊፋየሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ ፖዘቲቭ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ኔጋቲቭ፣ ቴፑ ሲከፈት «ተነሣ» የሚለው ቀጭን ሽቦ። ችግሩ ከእነዚህ ከአንዱ ሳይጣራ ወደ ሳጥኑ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ጩኸት የዲናሞው ነው። የሚገባውም በብዛት በኔጋቲቩ በኩል ነው። የድምፁን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ መስማት ይቻላል፤ ሲነቀል ጩኸቱ ከጠፋ የመጣው ከቴፑ በኩል ነው፣ ካልጠፋ ኔጋቲቩ ወይም ራሱ አምፕሊፋየሩ ይጠረጠራል። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ዘፈኑ እየተጫወተ አንዱን ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርግ። ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ እሰሩ ላልቷል ወይም ዝጓል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ይህ አይገርምም። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ መኪናው በጭቃና በውኃ ውስጥ ነው የሚውለው፤ በጋ ደግሞ አቧራው አለ። ከወንበር ሥር ቀለም ላይ የታሰረች ብሎን ስንት ወር ትቆያለች? የእናትየዋም ነገር ይኸው ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ ነጥቶ፣ ገመዱ አጥሮ ሲታሰር ጩኸቱ ጠፋ። ጊደሯም ተረፈች።

ጩኸቱ ከድምፁ ሽቦ በኩል ሆኖ ከተገኘ ያ ሽቦ ከባትሪው ወፍራም ገመድ ጋር ተቃቅፎ እንዳይሄድ በመኪናው ሌላ ወገን ይዘርጋ። ሁለት ሳብውፈር ተገጥሞም «ዱም» የሚለው ድምፅ ከሳሳ፣ የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይሆናል። የአንዱን ብቻ አገላብጦ መስማት ነው። አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት እያበራ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ስንት ኦም እንደተጫነበት ይታይ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ሳብውፈሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ይህን የማይችል አምፕሊፋየር ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ይህ መከላከያ እንጂ ብልሽት አይደለም።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ፊውዙ ነው። ከባትሪው የሚነሳው ፖዘቲቭ ገመድ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይህን አይተካም። ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ በእሳትና በተሳፋሪው መካከል የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስ ሰው ሕዝብ የሚጭን መኪና ሊነካ አይገባም። አያቶች፣ ስለ ሙዚቃው ባያውቁም ይህን አንድ ጥያቄ ልጁን ይጠይቁት፦ «ፊውዙ የት ነው? አሳየኝ።»

ባትሪውም ይታሰብ። እውነተኛ 500 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር ከ12 ቮልት ባትሪ 40 አምፔር በላይ ይወስዳል፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ናቸው። ማታ በእያንዳንዱ «ዱም» መብራቱ የሚደበዝዝ ከሆነ ሹፌሩ ከፊቱ የሚሻገረውን ከብት ዘግይቶ ያያል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚህ ከወረደ ከሙዚቃው በፊት ባትሪውና ዲናሞው ይታዩ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ወጣቶቹ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ለመሸፈንና የሳሳውን «ዱም» ለመሙላት ነው። ሽቦው ሲስተካከል ያው ዘፈን ዝቅ ብሎም ይጥማል፤ ለጆሮ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለሕፃናት 75። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ 100 ላይ ግማሽ ሰዓትም አይሞላም። ተሳፋሪው ከወረታ ባሕር ዳር ደርሶ ይወርዳል። ሹፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ሕፃን ይዛችሁ ስትሳፈሩ ሳጥኑ ካለበት ከኋላው ወንበር ራቁ፤ «ልጄ፣ ዝቅ አድርገው» ማለትም ነውር የለውም። ልጃችሁ ከሥራ ሲመለስ ጆሮው ጭው የሚል ከሆነ፣ ወይም ቡና ላይ ተቀምጦ የምታወሩትን ደጋግሞ «እ?» የሚል ከሆነ፣ ዘፈኑን ለጥቂት ቀናት ይተወው። ጭውታው አድሮም ካልለቀቀው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና ጆሮው ይታይለት። ከነጭራሹ አንድ ጆሮው በድንገት አልሰማ ካለው ግን ቀን አይቆጠር፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይድረስ።