ወንበሩ ምን በደለ?

በእኛ አገር «ወንበር» የቤት ዕቃ ስም ብቻ አይደለም። ሰው ሲሾም ወንበር አገኘ ይባላል፤ ሲሻር ደግሞ ወንበሩን ተነጠቀ። በምርጫ የተሸነፈ ፓርቲም የሚያጣው ያንኑ ወንበር ነው። ስለዚህ ስለ ወንበር ልጽፍ ስነሣ አንባቢ ስለ ሥልጣን የማወራ ቢመስለው አልፈርድበትም። እኔ የተነሣሁት ሰው ጀርባውን ስለሚያሳርፍበት ወንበር ልጽፍ ነው፤ ነገሩ ወደ ሥልጣን ቢያዘነብል ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

የሃምሳዎቹ ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ ወንበሮች ዛሬም ልብ ይሰርቃሉ። የዴንማርኩ አርነ ያኮብሰን በኮፐንሃገን ለሚሠራ ሆቴል በ1958 እ.ኤ.አ. የነደፈው «እንቁላል»፣ ባልና ሚስቱ ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቆዳና የኮምፔንሳቶ ወንበር ሁሉ የሚታወቁ ናቸው። የኢምሶቹ ወንበር በሄርማን ሚለር ኩባንያ እየተሠራ እስከ ዛሬ ከ5,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። አስመስሎ የሚሠራውማ ስፍር ቁጥር የለውም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስሰብክ ሲሰሙ፣ «ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊደል በሚቆጥርበት አገር ይህ ጥጋብ ነው» ይሉኛል። ተቆርቋሪነታቸው ያስከብራቸዋል፤ ወንበሩን ግን አላወቁትም።

ወንበሩ የተወለደው ከቅንጦት አይደለምና። ኢምሶቹ ኮምፔንሳቶን በሙቀትና በግፊት ማጠፍ የተካኑት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሠሩት እግሩ ለተሰበረ ወታደር የሚሆን ማሰሪያ ነበር፤ የእኛ ወጌሻ በእንጨት እንደሚያስረው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ጥበብ ለተራ ቤት የሚሆን ቀላል ወንበር ሠሩ። ባለቆዳው ወንበር የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ መነሻው የቆሰለ ሰው እግር እንጂ የባለጸጋ ሳሎን አይደለም።

የሚስበንስ ለምንድን ነው? ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ስለተሠራ ይመስለኛል። በእርሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ሊደበድብ፣ ማኅተም ሊመታ፣ ሊቆጣ አይመቸውም። ሥራውን ጨርሶ ለሚያርፍ ሰው የታሰበ ነው።

አሁን ከዚህ ተነሥተን ወደ መንግሥት ቢሯችን እንግባ። ቢስቲማ ሆነ ሐይቅ፣ ደሴ ሆነ ኮምቦልቻ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የኃላፊው ተሽከርካሪ ወንበር መደገፊያው ከራሱ በላይ ይቆማል፤ ባለጉዳዩ ግን በኮሪደር ካለው አግዳሚ ላይ፣ እርሱም ከሞላ በእግሩ ቆሞ ይውላል። ይህ የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ለማግዘፍ ሌላውን ለማሳነስ የተቀመጠ የአገዛዝ ንድፍ ነው። ኃላፊ ሲለወጥ ደግሞ ደኅናው ወንበር መጋዘን ገብቶ ሌላ ይገዛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አበው መቀመጫውንም ሳይጨምሩ አልቀሩም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ወደሙ። ታዲያ ዕቃ ሲተካ ማን ቀደመ? የተማሪው ዴስክ ወይስ የኃላፊው ወንበር? እያንዳንዱ ከተማ መልሱን በልቡ ያውቀዋል።

ለመማር ከፈለግን ምሳሌው አዲስ አበባ አለ። አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚያ ነው። አዳራሹ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት አዳሾቹ አሮጌውን ጥለው በአዲስ አልተኩትም፤ የዘመኑን መልክ ጠብቀው አደሱት። አሮጌ ዕቃን መጠገን ውርደት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በርጩማና የጅማው ወንበር ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማርና ያለ ሙጫ ተፈልፍለው ይሠራሉ። እግራቸው ሦስት የሆነው በምክንያት ነው፤ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ወለሉ ምንም ቢጎረብጥ አይናወጥም። የጠራቢው ስም አልተጻፈም እንጂ ይህም ንድፍ ነው።

ነገር ግን «የአባቶቻችን ይበቃናል» ለሚሉም አልስማማም። አንድ የዋንዛ ግንድ ለአንድ ወንበር የሚፈለፈልበት ዘመን አልፏል። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ጥበቃ ከተደረገላቸው ዛፎች አንዱ ነው። ኢምሶቹም ወንበራቸውን የለበጡት በብራዚል ሮዝውድ ነበር። ይህ ዛፍ በ1992 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ንግዱ ሲታገድ ወንበሩ አልሞተም፤ ሠሪዎቹ ሌላ እንጨት ተኩና ጥበቡን ቀጠሉ። የኮምፔንሳቶ ብልሃቱም ይኸው ነው፤ ስስ ስስ ልጦች ተነባብረው፣ ጭረታቸው እየተሻገረ ሲጣበቁ ጥቂት እንጨት ብዙ ይሸከማል።

የደሴን ዙሪያ የሞላው ባሕር ዛፍ ግን አጣናና ማገዶ ሆኖ ያልቃል። ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በየወረዳው የሠለጠነ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ሥራ ይፈልጋል። እንጨቱም እጁም እያለ ከባሕር ማዶ የተቀዳ ግልባጭ በውድ መግዛት ምን ይሉታል? ያማረንን ወንበር መሸመት እንጂ የተሠራበትን ሐሳብ መቅሰም አልለመድንም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ትንሽ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤት የወንበር ገንዘብ መጀመሪያ ለከተማው አናጢ ይቅረብ። የኃላፊውና የባለጉዳዩ ወንበርም አንድ ዓይነት፣ አንድ ከፍታ ይሁን። ከወርባቦ ገጠር ተነሥታ ስለ መሬቷ ልታመለክት ቢስቲማ የመጣች እናት ከፊት ለፊቱ እኩል ተቀምጣ ስትናገር፣ ኃላፊው ቢያንስ ዓይኗን ለማየት ይገደዳል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከፍ ያለውን መደገፊያ መተው ብቻ ነው።

ወንበሩስ ምንም አልበደለ። የበደለው አቀማመጣችን ነው።