ጥንብ አንሳ ስድብ ሆኖ የቀረው ወፍ

አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ከሆናችሁ ስልካችሁን ለአፍታ አውርዱና ቀና በሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ፣ ቀስ እያሉ የሚዞሩ አሞራዎች ታያላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጥንብ አንሳ ነው። ጠቆር ያለ ቡናማ ላባ፣ ቀጭን ምንቃር፣ ላባ የሌለው ሮዝ ፊት አለው፤ ሲጓጓ ወይም ሲጣላ ፊቱ ደም ይመስላል። ማንም ፎቶ አያነሳውም። እንዲያውም ስሙን የምናውቀው ሰው ስንሰድብበት ነው።

ይህ የተናቀ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ በከፋው የአደጋ ደረጃ ተመዝግቧል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ «ከዱር የጠፋ» የሚለው ነው። የምንኮራበት ቀይ ቀበሮ እንኳ፣ ቁጥሩ ከጥንብ አንሳ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ የተመዘገበው አንድ ደረጃ ቀለል ብሎ ነው። ምክንያቱም መዝገቡ የሚያየው ስንት ቀረ የሚለውን ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እያለቀ ነው የሚለውንም ነው። የጥንብ አንሳ ቁጥር በአፍሪካ በ50 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ገምተዋል። እኛ ጣሪያ ላይ ስለምናየው ግን የትም የሞላ ይመስለናል።

ታዲያ ቢጠፋ ምን ይጎድልብናል? ሕንድን ጠይቁ። እዚያ ለታመሙ ከብቶች ዳይክሎፌናክ ይሰጥ ነበር፤ አዎ፣ ያው እናቶቻችን ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ማስታገሻ። መድኃኒቱ ያለበትን በድን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዋና ዋናዎቹ የሕንድ አሞራ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። በድኑ ሜዳ ላይ ሲቀር የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ፤ ከውሾቹ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ አደገ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታገድ ጉዳቱ ደርሶ ነበር። የአሞራ ጨጓራ እኮ የአባ ሰንጋን ተህዋስ ሳይቀር የሚገድል አሲድ አለው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው።

እኛ ጋ ያለው ዋናው ጣጣ ሌላ ነው፤ መርዝ። ሰፈር ውስጥ ውሻ ሲበዛ፣ ገጠር ደግሞ ጅብ በግ ሲበላ፣ ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ መርዝ የተቀባ ሥጋ መጣል ነው። ችግሩ መርዙ ውሻው ጋ አያቆምም። አሞራ ምግብ የሚያገኘው ሌላው አሞራ ወዴት እንደወረደ ከሰማይ እያየ ስለሆነ፣ አንዱ ከወረደ ሌሎቹም ይከተላሉ። በአንድ በድን ብዙ አሞራ በአንድ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ጥንብ አንሳ ደግሞ የሚጥለው በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በአንድ ከሰዓት የጠፋውን ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት።

ስለዚህ የሰፈራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ውሾቹን በመርዝ እንጨርሳቸው» የሚል ሰው ሲመጣ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ። ክትባትና ማምከን የሚባል ነገር አለ፤ ቆሻሻውን በጊዜ ማንሳትም ራሱ ውሻ ይቀንሳል። ተመርዞ የሞተ የሚመስል እንስሳ ካያችሁ በእጃችሁ ሳትነኩ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ፤ በጥልቀት እስኪቀበር ድረስ ሌላም መግደሉን አያቆምም። ረጃጅም ዛፎችም ይታሰቡ። ጥንብ አንሳ ጎጆውን የሚሠራው ዛፍ ላይ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያረጀ ትልቅ ዛፍ የቀረው ደግሞ ባብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑና በየድሮው ግቢ ነው። ጎጆ ካገኛችሁ ግን አትጠጉት፤ ድሮንም ይቅርባችሁ።

ስልኩ ደግሞ ከቲክቶክ ሌላም ጥቅም አለው። አይናቹራሊስት የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ያነሳችሁትን ፎቶ ከቀኑና ከቦታው ጋር ይመዘግባል፤ ዝርያውን ባታውቁት የሚያውቁ ሰዎች ይነግሯችኋል። ለወፍ ብቻ ከሆነ ኢበርድ አለ። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር የውጭ ቱሪስት መዝግቦልን እስኪሄድ መጠበቃችን ትንሽ ያሳፍራል። በየዓመቱ የመስከረም ወር በፈረንጆቹ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ፣ ልክ እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ስንል፣ ዓለም አቀፍ የአሞራ ቀን ይከበራል። ለመጀመር ጥሩ ቀን ነው፤ ዛሬም ግን ይሆናል።

ፎቶው ቢደበዝዝ አትጨነቁ፣ ጅራቱን ብቻ እዩ። እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከልጅ እጅ ሥጋ ሞጭልፎ የሚበረው ጭልፊት ነው። አጭርና ደፍጠጥ ያለ፣ ክንፉም ሰፊ ከሆነ ጥንብ አንሳ ሳይሆን አይቀርም፤ መዝግቡት።