«ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው»



ለካርታ ወይም ለንግድ ፈቃድ ሄዶ «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው፤ ሰኞ ተመለስ» ያልተባለ ማን አለ? የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ትግበራ ከተጀመረበት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሁሉም በየአዳራሹ፣ ከነውሎ አበሉ፣ ተሰበከ።

ፓርቲያችን ሥልጠናን አይቃወምም። ካይዘን ራሱ በጃፓን ፋብሪካዎች ያደገው አለቃው ሥራው ወዳለበት ወርዶ፣ ከሠራተኛው ጎን ቆሞ ብክነቱን በዓይኑ ሲያይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን የተማርነው ቅጹን ነው። የሥራ ሂደቱ በወረቀት ላይ አጠረ፤ ፈራሚው ያው አንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ብንመረጥ፣ ማንኛውም አዲስ ኃላፊ ወንበሩን ከመያዙ በፊት በሚመራው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ 30 የሥራ ቀን ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ነባር ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ያርመዋል፤ የፓርቲ አባልነት ከዚህ ነጻ አያወጣውም፣ የእኛም ቢሆን። ውጤቱ የሚለካው በሰርተፊኬት ሳይሆን ባለጉዳዩ በተመላለሰባቸው ቀናት ነው፤ ቁጥሩም በየሦስት ወሩ በር ላይ ይለጠፋል።

የመፈረም ሥልጣን ወደ መስኮቱ ካልወረደ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ለአብዛኛው ጉዳይ አዲስ አዋጅ እንኳ አያስፈልግም (የሕግ ሰው ነኝና ልናገር)፤ አንድ የውክልና ደብዳቤ ይበቃል። ያንን ደብዳቤ ሥራ በጀመርን በመጀመሪያው ወር እንጽፋለን።