ለቀረው ሥራችን ስም እናውጣለት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ሳይፈጸም ለቀረ ሥራ ግን ስም የሚያወጣለት ሠሪው ራሱ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን አሳብ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ባንድ ቀን አይጨርስም። ስለዚህ የቀረውን እንዳይረሳ በኮዱ መካከል ኮምፒዩተሩ የሚያልፈውን፥ ሰው ብቻ የሚያነበውን አጭር ማስታወሻ ይተዋል። በማስታወሻው ራስ ላይ «ቱዱ» የተባለውን መለያ ቢጽፍበት «ገና የሚሠራ» ማለቱ ነው፤ «ፊክስሚ» ቢጽፍበት ደግሞ «ይህ ይታረም» ማለቱ ነው። እንደ ኤክሊፕስና እንደ ኢንቴሊጄ አይዲያ ያሉት የፕሮግራም መጻፊያዎች እነዚህን መለያዎች ፈልገው ባንድ ዝርዝር ይሰበስቧቸዋል። መለያዎቹም የማይለወጡ አይደሉም፤ በኤክሊፕስ አዲስ መለያ መጨመርና ለእያንዳንዱ ከፍተኛ፥ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ የሚል ደረጃ መስጠት ይቻላል።

የእኔ አሳብ አብረን የምንሠራ ተማሪዎች መለያችንን በገዛ ቋንቋችን እንሰይም የሚል ነው። «ይታረም» የሚለውን ቃል ያየ ጀማሪ የሚጠበቅበት ነገር ወዲያው ይገባዋልና።

አንዳንዶች ግን «ዓለም የለመደውን ትቶ የራስን መፍጠር ምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ለሚሠራ ሥራ የተለመደውን መያዝ ይሻላል። ይሁን እንጂ የተለመደውም ቢሆን በሕግ የታሰረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለፓይተን ቋንቋ እነዚህን መለያዎች ባንድ ደንብ ለመወሰን አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ተቀባይነት አላገኘም። እንግዲህ ስምምነቱ ለየቡድኑ የተተወ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር ይዞ ገብቷል። እኛ «ይሠራ» እና «ይሰራ» የሚሉትን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒዩተር ግን ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ ልዩ ልዩ ናቸው። መለያው ባንዱ ተመዝግቦ ማስታወሻው በሌላው ቢጻፍ ሥራው ከዝርዝሩ ይጎድላል፤ የሚያስታውሰውም አይገኝም። ስለዚህ ሞክሼ ፊደል የሌለባቸውን እንደ «ይታረም»፥ «ይቀጥል»፥ «ይጠየቅ» ያሉትን እንምረጥ። ለተማሪ 3 ይበቃሉ፤ ሲበዙ የትኛው ለምን እንደ ሆነ ይጠፋልና። ከመለያውም አጠገብ የኀላፊው ስም ይጻፍ፤ ባለቤት የሌለው ሥራ ሁሉም አይቶት ያልፈዋል።

ከሁሉ በላይ ማስታወሻ የሥራ ምትክ አለመሆኑን እናስተውል። መለያ የሚጠቅመው ዝርዝሩን እየከፈቱ ላንዱ ለአንዱ መልስ ሲሰጡበት ነው። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ስሙን ተስማምተን እናውጣ፤ ካወጣንም በኋላ የጻፍነውን እንፈጽም።