ማረሻውን የሠራው ማን ነው?

እኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ እናንተን ለመምከር ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ያየሁትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጎጃም ምን አላት ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን ብዙ ነው። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ዞሮ ይከባታል። የጮቄ ተራራ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በደጋው ገብስና ድንች አለ፤ ወደ ደጀንና ወደ ቢቸና ሲሉ ደግሞ ነጭ ጤፍ። ይህን ሁሉ በኩራት እናወራለን። ጤፉን ስናወድስ ግን የማረሻውን ነገር እንረሳዋለን።

ማረሻው ከሰማይ አልወረደም። ቀጥቃጩ ወናፉን እያናፋ፣ ብረቱን እያጋለ የሠራው ነው። እናቶቼ፣ ጥጡን ፈተላችሁ፤ ሸማኔ ባይኖር ግን ፈትሉ ጋቢ አይሆንም ነበር። እንጀራ የምትጋግሩበትን ምጣድ የሠራችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ታዲያ ምስጋናቸው ምንድን ነው? አንዱን «ቡዳ»፣ አንዱን «ቁጢት በጣሽ» እንላለን!

በማስተምርበት ዳስ አንድ ቀጥቃጭ ፊደል ሊቆጥር መጣ። አጠገቡ የነበሩት ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። እሱ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀን ቀረ። ከተነሡት አንዱ ግን በዚያው ሳምንት ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ እሱው ቤት ሄዷል።

ይህን ነገር የተቃወምኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር ተናግረው ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አለ።

ከኛ በጣም ርቃ፣ በባሕር ውስጥ ያለች ጃፓን የምትባል አገር አለች። ሳካይ የምትባል ከተማዋ ስሟ የሚነሣው ቀጥቃጮቿ በሚሠሩት ቢላዋ ነው። የጃፓን መንግሥት በሙያቸው የላቁ ሸማኔዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ሰይፍ ሠሪዎችን መርጦ በሕግ ያከብራቸዋል፤ ሕዝቡም የአገር ሕያው ቅርስ ይላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ እንደ ቅርስ ሲከበር እስቲ አስቡት!

የኛ ቀጥቃጭ ልጅ ሁሉን እያየ ነው። ሙያውን ትቶ ከተማ ቢገባ ማን ይፈርድበታል? ያን ጊዜ በሐምሌ ዝናብ የዶለዶመ ማረሻ ተሸክመን እስከ ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ነው።

ነገ ቀጥቃጩን ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠራዋለሁ። እናንተም ዳስ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ አጠገቡ ማን ተቀምጧል?