ጄኔሬተሩ የግል፣ መስመሩ የጋራ

በቦሌ መንገድ፣ በገርጂ፣ በመገናኛና ወደ አያት በሚወስደው ጎዳና በቀን የሚመላለስ ሰው መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከየሱቁ፣ ከየፋርማሲውና ከየጠጕር ቤቱ ደጃፍ የሞተር ጩኸት ይነሣል። ነጋዴው ሥራው እንዳይቆም፣ ባለመድኃኒት ቤቱም መድኃኒቱ እንዳይበላሽበት ማሰቡ የሚያስመሰግን ትጋት ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ስለዚህ እኛ በዛሬው ጽሑፋችን ጄኔሬተር አይኑር ለማለት አልተነሣንም። ልናመለክት የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ሞተሩን ገዝቶ ሞተሩን ከሕዝቡ መስመር የሚለየውን መሣሪያ ሳይገዙ መቅረት ቁጠባ ሳይሆን በሰው ሕይወት ላይ የሚደረግ ድፍረት መሆኑን ነው።

እንደሚታወቀው ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በጄኔሬተር ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያበራው ሞተር ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩም መስመሩም የአንድ ግቢ ስለ ነበሩ ጣጣውም ከግቢው አያልፍም ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የማከፋፈሉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እስከ ተሰጠበትና እስከ ዛሬም ድረስ፣ መስመሩ እየሰፋ ሄዶ የብዙዎች የጋራ ንብረት ሆኗል። የአንዱ ሱቅ ሽቦ ከጎረቤቱ ሽቦ፣ የሁለቱም ሽቦ ከሠፈሩ ትራንስፎርመር ጋራ የተያያዘ ነው።

አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ መያያዝ ነው። አንዳንድ ሰው በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ሶኬት የተገጠመለት ገመድ ያሠራና አንዱን ጫፍ በጄኔሬተሩ፣ ሁለተኛውን በግድግዳው ላይ ይሰካል። ሱቁ በሙሉ ይበራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዋናው ማጥፊያ ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ መንገድ ላይ ይወጣል። የአዲስ አበባ የሠፈር ትራንስፎርመር በተለመደው ሥራው 15,000 ቮልቱን ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርዳል። ኃይል በስተኋላው ሲገባበት ግን ያው ዕቃ ከፍ ያደርጋል። ከሱቅ የወጣው 220 ቮልት ምሰሶው ላይ ሲደርስ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቈጠር ሊሆን ይችላል።

«ትንሽ ሞተር ይህን ያህል ምን ታደርጋለች?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የሠፈሩ ጭነት ሁሉ ቢጫንባት ሞተሯ ወዲያው ትታነቃለች። ነገር ግን መስመሩ ከሱቁ አጠገብ ተበጥሶ እንደ ሆነ የሚጫንባት ነገር የለም። ጠጋኙ ምሰሶው ላይ ወጥቶ የሚሠራውም ከተበጠሰው ቦታ ላይ ነው። መስመሩን መሞከርና ከመሬት ማያያዝ የሠራተኛው ደንብ ቢሆንም፣ የእርሱ ጥንቃቄ ለእኛ ቸልተኝነት ፈቃድ ሊሆን አይገባውም። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው አባባል በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አይሠራም።

ጉዳቱ ለባለቤቱም አይቀርለትም። የመንገዱ ኃይል በድንገት ሲመለስ ሁለቱ ኃይሎች ይጋጩና ሞተሩ ሊቃጠል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ገመዱ ከግድግዳው ቢነቀል ደግሞ የሶኬቱ ጥርሶች ኃይል እንደ ያዙ ይቀራሉ፤ ሕፃን ቢነካቸው የሚሆነውን መናገር አያሻም።

«ዋናውን ባልቦላ አጥፍቼ ነው የማስነሣው» የሚለው መልስም አያረካም። የሰው ሐሳብ ይረሳል፤ ጧት ባለቤቱ ያጠፋውን ማታ ዘበኛው ሊያበራው ይችላል። ባለሙያዎች ቼንጅ ኦቨር የሚሉት መቀያየሪያ ግን አይረሳም። እጀታው ወይ ከመንገዱ መስመር፣ ወይ ከጄኔሬተሩ ጋራ ያገናኛል እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማገናኘት አይችልም። ቆጣሪው ሦስት ፌዝ ከሆነ ሦስቱንም ፌዝና ኒውትራሉን አብሮ የሚቈርጥ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ለማስገጠም አቅሙ ያልደረሰ ሰው ማቀዝቀዣውንና መብራቱን በደኅና ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ የግድግዳውን ሽቦ አይንካ።

ክረምት ሲመጣ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ባለሱቁ ሞተሩ ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ከደረጃ ሥር ወይም ከመተላለፊያው ውስጥ ያስገባዋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል የማያውቅ የለም፤ የሞተሩም ጭስ ያንኑ ሽታና መልክ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሎራ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ ሉዊዚያናን በመታ ጊዜ፣ ከነፋሱ ተርፈው በጄኔሬተር ጭስ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። የሞተሩ ቦታ ከደጅ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ነው።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ ይህ ሁሉ ጭንቀት ያለፈበት ነው የሚሉ ወዳጆች ይኖራሉ። ግድቡ ኃይል ያመነጫል እንጂ በነፋስ የወደቀውን የሠፈር ምሰሶ አያነሣም። ሽቦ በዝናብና በነፋስ እስከ ተበጠሰ ድረስ ጄኔሬተሩም ከየደጃፉ አይጠፋም።

እንግዲህ ነገሩ በተለይ የሚመለከተው ወጣቱን ባለሥልጣንና ተማሪውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የግዥ መጠየቂያ ሲዘጋጅ «ጄኔሬተር፣ ብዛት 1» ተብሎ ይጻፋል፤ መቀያየሪያው፣ ገመዱና የባለሙያው ዋጋ ሳይጻፍ ይቀራል። ሞተሩ ሲደርስ ለመቀያየሪያው የተያዘ ገንዘብ ስለማይኖር ሥራው በዚያ በሁለት ወንዴ ገመድ ይፈጸማል። ይህ በሬ ገዝቶ ለቀንበር ገንዘብ እንደ መንፈግ ነው። መቀያየሪያ ያልተጠቀሰበትን መጠየቂያ የማይፈርም አንድ ወጣት ሹም፣ በፊርማው ብቻ ስሙን የማያውቀውን የአንድ መስመር ሠራተኛ ሕይወት ሊያድን ይችላል። የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚማረው ወጣትም አጎቱ ሱቅ ውስጥ ያን ገመድ ባየ ጊዜ፣ በአክብሮት «አጎቴ፣ ይህ ለእርስዎም ለሰውም አይበጅም» ብሎ ማስረዳት ዕውቀቱ የሚጠይቀው ግዴታ ነው።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የሱቃችን መብራት በሌላው ሰው ሕይወት የሚበራ እንዳይሆን፣ ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እንጠቀምበት።