ጥላ በሊዝ ጨረታ ዋጋ የለውም

ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን «አዲስ አበባ ሞቀች» ስንል ፀሐይዋን እንወቅሳለን። እስቲ መሬቱን እንየው። ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ትናንት ማሳ ነበሩ። እርጥብ አፈርና ቅጠል ውሃ እያተነኑ መሬቱን ያቀዘቅዛሉ፤ አስፋልትና ኮንክሪት ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ይለቁታል።

ጥፋቱ ሁሉ የሕንፃ ነው ማለት ግን አይደለም። በበጋ፣ አጨዳ ያለቀበት ራቁት ማሳ በሳተላይት ሲለካ ከመሃል ከተማው ሊብስ ይችላል። ወሳኙ የቀረው አረንጓዴ ነው።

ኢኮኖሚክስ ይህንን ውጫዊ ወጪ ይለዋል፦ ዛፉን የቆረጠው አልሚ አይከፍልም፤ ቆርቆሮ ሥር የሚያድረው ተከራይ ይከፍላል። እናም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ነባር ዛፍ የቆረጠ ዋጋውን ይክፈል። ችግኝ መትከሉ ደግ ነው፤ ጥላ እስኪሆን ግን ዓመታት ይፈጃል።